የአንድ ዓመት ጭቃ

ባለፈው ቅዳሜ ከአማን ከተማ ወደ ቤት ስመለስ ዝናብ ያዘኝና መኪናዬን አንድ ሱቅ በር ላይ አቁሜ ጠበቅሁ። ሲያባራ ጎማ ለማየት ወርጄ ሳጎነብስ፣ የኋላው በር ታችኛው ጠርዝ ላይ ምስር የምታክል እብጠት አየሁ። ቀለሙ አልተላጠም። ከውስጥ ነው የተነፋው። በጥፍሬ ጫን ስለው ተሰነጠቀና ቡናማ ውኃ አወጣ። መኪናው ገና አዲስ ነው። አብሮኝ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ፣ ወጣት ነው፣ «ይቺማ ምን አላት፣ ቀለም ቀባ ቢያደርጉባት ትጠፋለች» አለኝ። ሰው በዝገት ያለቅሳል? እንጃ። እኔ ግን ያን ቀን ዝናቡ ካባራ በኋላም ብዙ ቆሜ ቀረሁ።

ታላቅ ወንድሜ ሙሉጌታ በስምንት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። አባታችን ከሰሜን በመምህርነት መጥቶ ሚዛን ተፈሪ የቀረ ሰው ነው፤ እሱ ካረፈ በኋላ እናታችንንና እኔን የያዘን ወንድም ጋሼ ነው። ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አንድ ነጭ ፒክአፕ ገዛ። ከፋብሪካ ከወጣ ሦስት ዓመት አልሞላውም፤ ቀለሙ ፊት ያሳይ ነበር። በዚያ ጨው፣ ሳሙናና ዘይት ጭኖ በቴፒ በኩል ጌጫ ገበያ ያደርስ ነበር።

አንድ ጊዜ ይዞኝ ሄዷል። እስከ ቴፒ ያለው መንገድ በክረምት ቀይ ጭቃ ነው፤ ጭቃው መረጨት ብቻ ሳይሆን ይለጠፋል፣ እንደ ሊጥ። ዛፉ ከላይ ስለገጠመ ፀሐይ ቢወጣም መንገዱ አይደርቅም። ከቴፒ ወደ ጌጫ ሲወጡ ሙቀቱ ያልቅና ጉም ይመጣል። ጌጫ ደርሰን ትኩስ ቆጮ በጎመን በላን፤ ከጉሙ የገባ ሰው እንዴት እንደሚበላ የሚያውቀው የሄደበት ብቻ ነው። ወንድም ጋሼ ግን እየበላ ዓይኑ ውጪ ነበር። የመንገድ ጠጠር ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ልጦት እንደሆነ እያሰበ ነው።

እንዲህ ነበር። ከገበያ ሲመለስ እህል ሳይቀምስ ውኃ ይቀዳል። ጆንያ አንጥፎ መኪናው ሥር በጀርባው ይገባና ከጎማዎቹ ኋላ የተጠቀጠቀውን ጭቃ በእጁ እየጎለጎለ ያወጣል። ከዚያ የመጥረጊያ ስንጥር ይዞ በሮቹ ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይከፍታል። «ውኃ በመስኮቱ በኩል በሩ ውስጥ ይገባል፤ መውጫው ይቺ ናት» ይለኝ ነበር። «ጭቃ ከደፈናት በሩ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከላይ ስታየው ግን ሙሽራ ነው።» የሰፈር ጓደኞቹ ይስቁበታል። አንዱ፣ ይቺን መኪና እንደምታጥባት እግርህን ብትታጠብ እስካሁን ሚስት ታገኝ ነበር ይለዋል። ወንድም ጋሼ ከመኪናው ሥር ሆኖ «እግሬ አይዝግም» ይላል።

ሰኔ ላይ ነው። ከጌጫ ከሰዓት በኋላ ገባ። ሞተሩን አጥፍቶ ቶሎ አልወረደም። ሲወርድ ይንቀጠቀጣል። እስከ መስኮቱ ድረስ ጭቃ የለበሰውን በር መዳፉን አስደግፎ ቆመ፤ እርጥብ ስለነበር እጁ ገባበት፣ አምስቱም ጣቶች። እኔ ልደግፈው ሮጥኩ።

«ታምሩ፣ መንገድ ላይ ጆንያ ተቀዶ ጨው ፈስሷል» አለኝ። «ዝናቡ አሟሙቶ በየስንጥቁ አስገብቶታል። ሳታሳድር እጠብልኝ።»

እሺ አልኩት። ወባ ነበር። ሐኪም ቤት ስንደርስ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል አሉን። ከዚያ በኋላ የተናገረው የትኩሳት ንግግር ነው፣ ትርጉም የለውም። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

በሠልስቱ፣ ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ባልዲና ብሩሽ ይዤ ወደ መኪናው ሄድኩ። ለእሱ ላደርግለት የምችለው ሌላ ምን ነበረኝ? ገና ውኃውን ሳላፈስ እማዬ መጣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ምን ልታደርግ ነው አለችኝ። ላጥበው፣ አልኳት። እሷ ግን እኔን አላየችም። መዳፏን አንስታ በሩ ላይ ካለው የእጁ ምልክት ፊት ለፊት ያዘችው፣ ሳትነካው።

«እስከ ሙት ዓመቱ ማንም እንዳይነካው» አለች። «እጁ እዚህ ነው ያለው።»

ያን ጊዜ ነበር መናገር። ወንድም ጋሼ ራሱ እጠብ ብሎኛል ብላት ኖሮ ምናልባት ትሰማኝ ነበር። አልቻልኩም። በአእምሮው ሳለ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ስለ ጨው መሆኑን ከነገርኳት፣ ስለ እኔስ ምን አለ ብላ ትጠይቀኛለች። ስለ እሷ ምንም አላለም። ይህን ለእናት እንዴት ይነግሯታል? ባልዲውን አነሳሁና ውኃውን አጥር ሥር ደፋሁት። በማግስቱ የእድር ሰዎች ወፍራም ሸራ አምጥተው መኪናውን ከላይ እስከ ታች ሸፈኑት፣ በገመድም አሰሩት። መልካም ያደረጉ መስሏቸው ነው። እናቴም መረቀቻቸው።

ጋሽ ማርቆስ ለቅሶ ሊደርስ ከአማን መጣ። ባትላሜራ ነው፤ የመኪና አካል ይቀጠቅጣል፣ ይበይዳል፣ ቀለም ይቀባል። የቤንች ሰው ነው፣ ወንድም ጋሼን እንደ ልጁ ይወደው ነበር። ሊሄድ ሲል የሸራውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ ከጎማው ኋላ ጭቃ ቆነጠረና ምላሱ ላይ አደረገ። እንትፍ ብሎ አየኝ።

ጨው የያዘ ጭቃ እርጥበት አይለቅም አለኝ። ጠጠር የላጠበት ቦታ ሁሉ ብረቱ ራቁቱን ነው፤ ሸራው ደግሞ ንፋስ ስለሚከለክለው መኪናው በላቡ ይዘፈቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፦ ብዙ ንጹሕ ውኃ፣ ከሥርም ከላይም፣ ከዚያ ሦስት ቀን ንፋስና ፀሐይ። ለእናቴ እንዲነግርልኝ ለመንኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«እኔ ጴንጤ ነኝ፤ እኛ ዘንድ ሙት ዓመት የለም» አለ። «ይህን ብነግራት ሐዘኔን ናቀብኝ ነው የምትለው። ግን ልጄ፣ ዝገት ሙት ዓመት አይጠብቅም።»

እንግዲህ ያ ዓመት እንዲህ አለፈ። ቁርስ ስንበላ ዝናቡ ሸራው ላይ ሲወርድ ይሰማኛል፣ ጎደሬው አፌ ውስጥ ይቆማል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነው። ብረት፣ ውኃና አየር ሲገናኙ ምን እንደሚሆን፣ ጨው ደግሞ እንዴት እንደሚያፋጥነው በኬሚስትሪ ተምሬ ነበር። ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሻለሁ። ምን ዋጋ አለው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰማዩ ሲጠራ፣ ንፋስ እንዲገባ ብዬ የሸራውን አንድ ጥግ እፈታለሁ። ከሰዓት ስመለስ ታስሮ አገኘዋለሁ። እማዬ አትቆጣኝም፤ እኔም አልጠይቃትም። እሷ ታስራለች፣ እኔ እፈታለሁ። አንድ ቀን ከሥር እጄን ሰድጄ አንዷን የበር ቀዳዳ በስንጥር ወጋሁ። ቡናማ ውኃ ክንዴ ላይ ወረደ፣ ብዙ ነበር። ሁለተኛዋን ሳልደርስ እማዬ ከቤት ጠራችኝ። ሄድኩ። ለምን ተመልሼ እንዳልጨረስኩ አሁንም አላውቅም። ደክሞኝ ነበር፤ ሐዘን ወጣትንም ያደክማል።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው በልቶ ሲያበቃ ሸራው ተገፈፈ። ጣሪያውና ኮፈኑ ነጭ እንደሆኑ ናቸው፤ ሰዎች ተመስገን፣ እንዳለ ነው አሉ። እማዬ ቀጥታ ወደ በሩ ሄደች። ጭቃው አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል፤ የሸራው ላብ እየወረደ ምልክቱን አጥቦታል። ጣት የለም። ጎንበስ ብላ፣ ከዚያ ራቅ ብላ ፈለገችው። ሌላኛውን በር ሳይቀር አየች።

ጋሽ ማርቆስ በሩን ከፈተው። የታችኛው ጠርዝ ተቆርሶ መሬት ላይ ቀረ። አውራ ጣቱን ላሜራው ላይ ጫን ሲያደርግ ጣቱ ገባ። የጭነቱን ወለል ሲፍቀው ዝገቱ እንደ ደረቅ የቡና ገለፈት እየተገፈፈ እጁ ላይ ቀረ።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለች እማዬ። «ዓመት ሙሉ ተሸፍኖ ተቀምጦ?»

ጋሽ ማርቆስ እኔን አየኝ። እሱ እንደማይናገር ገባኝ። እማዬ ደግሞ ሸራውን እያየች ነበር፣ ገመዱን እያየች ነበር። ነገሩ ፊቷ ላይ ሊደርስ ሲል አየሁት። ቀደምኩት።

«ከድሮም ነበረበት እማዬ» አልኩ። «ወንድም ጋሼ እያወቀ ዝም ብሎት ነው። አይጠብቀውም ነበር።»

ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። «ሙሌ መቼም» አለች፣ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት፣ «ዕቃ መያዝ አያውቅም ልጄ።»

ጋሽ ማርቆስ የሚችለውን አደረገ። የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደ፤ የቀረውን ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገ፤ ዝገት መከላከያ ደጋግሞ ቀባ፣ ገጹን የሚያስተካክል ስስ ስቱኮ ለቀለቀ፣ ከዚያ ነጭ ቀለም። ዝገት ላይ ስቱኮ መምረግ ቁስል ሳያጥቡ ማሰር ነው ይል ነበር። ሆኖም ጨው የገባበት ስንጥቅ ሁሉ ብሩሽ አይደርሰውም። በሁለተኛው ዓመት ከብየዳው አጠገብ እብጠቶች ወጡ። መኪናውን ለሌላ ሰው አሳልፈን ሰጠነው፣ የት እንደደረሰ አላውቅም።

እኔን የጎዳኝ ግን መኪናው አይደለም። እማዬ ያቺን ቃል ያዘቻት። ስለ ሙሌ በተነሳ ቁጥር ደግነቱን ትናገርና፣ «ዕቃ ብቻ መያዝ አያውቅም፤ ያን የመሰለ መኪና አዝጎ ሞተ» ትላለች። ለጎረቤት፣ ለንስሐ አባቷ፣ ኋላም ላገባኋት ለሚስቴ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሐዘኗ ቀለል ሲላት እነግራታለሁ እል ነበር። ከዚያ አረጀች፣ ከዚያ ታመመች። ታማ የተኛችን ሴት፣ መኪናውን ያዛገው የአንቺ ሸራ ነው ይሏታል? ባለፈው ዓመት አረፈች፣ እንደዚያው እንዳመነች። ጋሽ ማርቆስም የለም። በእጥበቱ ይስቁበት የነበሩት ጓደኞቹ ተበትነዋል፤ አንዱን በቅርቡ ቴፒ አግኝቼው፣ ሙሌ መኪናውን ችላ ብሎት ነበር አይደል አለኝ። የእናቴ ወሬ እዚያ ድረስ ሄዷል። አዎ አልኩት። ለምን አዎ እንዳልኩ እግዚአብሔር ያውቃል።

የእኔን መኪና በር ሰኞ ጋራዥ ወስጄ አስከፍተዋለሁ፤ ቀላል ነው ብለውኛል። ሌላውን እንዴት እንደማደርገው ግን አላውቅም። የምነግረው ሰው አልቆብኛል፤ ስለዚህ ለማላውቀው አንባቢ እነግራለሁ። ወንድሜ ሙሉጌታ ዕቃ መያዝ ያውቅ ነበር። በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ እንኳ ያሰበው ስለ መኪናው ነው። ያላጠብኩት እኔ ነኝ።