በጌታሁን ዴፖ ላይ ያፈሰስኩት ውሃ

የምጽፈውን እስከ ዛሬ የሰማው ሰው የለም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም የገደፍኩበትን፣ ሰው ያማሁበትን፣ በቅዳሴ ሰዓት ሐሳቤ የባከነበትን ሁሉ እዘረዝርና እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። "ሌላ የቀረ አለ?" ይሉኛል። "የለም፣ አባ" እላለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ አልኩ። ያ "የለም" ራሱ ሌላ ኃጢአት መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም።

ዛሬ የምጽፈው ደፍሬ አይደለም። አንዲት ትንሽ ካርድ እንድጽፍ ተጠይቄ፣ እሷን መጻፍ ስላቃተኝ ነው። ስለ ካርዷ ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ጌታሁን የባቡር መካኒክ ነበር። ጉልበቱን የጨረሰው ድሬዳዋ፣ ዴፖ ውስጥ ነው። ዴፖ ማለት ፉርጎ የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ ከመንገድ ሲመለስ የሚገባበት ቤት ነው። እዚያ ናፍጣና ውሃ ይሞላል፣ መካኒኮች ጉድጓድ ውስጥ ቆመው ሆዱን ከሥር ያዩለታል፣ ሃዲዱ ሲያንሸራትተው ከመንኮራኩሩ ሥር የሚረጨው ደረቅ አሸዋም ይጫንለታል። ይህን ሁሉ የማውቀው ከእሱ ነው። አሮጌው ባቡር ሲቆም ጌታሁን አዲስ አበባ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤታችን ገባና ዝም አለ። ለዓመታት ዝም አለ። እኔም ብዙ የማወራ ሴት አይደለሁም። ቤታችን ጸጥ ያለ ቤት ሆነ።

ልጃችን ሰላም አግብታ ስትወጣ ትንሿ ክፍል ባዶ ቀረች። ጌታሁን አንድ አሮጌ በር ከየት እንዳመጣ እንጃ፣ አምጥቶ በሁለት በርሜል ላይ አጋደመና ያንን ዴፖ በትንሹ መሥራት ጀመረ። ሃዲዱን ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ፣ ከሥሩ የሚነጠፈውን እንጨት ከክብሪት፣ የዴፖውን ግድግዳና ጣሪያ ከጫማ ካርቶን ሠራ። የሚያጣብቀው በዱቄት ሙጫ ነበር። ሰንጋ ተራ ከሚሠራ ሕንፃ ሥር አሸዋ ለምኖ አምጥቶ በሻይ ማጥለያዬ ነፋው። ማጥለያዬን ወሰደ ብዬ አልተቆጣሁም። ሰውዬው እጁን በማንቀሳቀሱ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

የተቆጣሁት በሰዎቹ ነው።

ለበረከት ብዬ ያስቀመጥኩትን የጧፍ ቁራጭ ከመሳቢያ አውጥቶ፣ አቅልጦ፣ ከሰሙ የጣት ጫፍ የሚያህሉ ሰዎች ሠራ። ሰባት ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው የድሮ ባልደረቦቹን ስም ሰጣቸው። ግማሾቹ ሞተዋል። እሑድ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ "አትመጣም?" ስለው "ቅደሚ" ይለኛል። ስመለስ ከበሩ ውጭ ሆኜ እሰማዋለሁ።

"አንተ በላቸው፣ ጉድጓድ የወረድከው ለመተኛት ነው ለሥራ? ሙሳ፣ ይሄን ሰውዬ ቀስቅሰው እስቲ!"

ይስቃል። ለብቻው ይስቃል። እኔ ገብቼ "ምሳ ላቅርብ?" ስል "እህ" ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

ከጧፍ የተሠራ ምስል፣ የሙታን ስም፣ የቀረ ቅዳሴ። ይህ ጤና አይደለም፣ መንፈስ ነው ብዬ ወሰንኩ። ያኔ ያልኩት ይህን ነው። አሁን ግን ለራሴም ለእናንተም አልዋሽም። ቅናት ነበር። ለሰም የሚያወራውን ለእኔ አላወራም። ለሰም የሳቀውን ለእኔ አልሳቀም። ቅናቴን የሃይማኖት ልብስ አለበስኩት።

የበላቸው ቀብር ዕለት ነው። አዎ፣ በሰም የተሠራው የዚያ በላቸው፣ የእውነተኛው ሰውዬ። ጌታሁን በጠዋት ጥቁር ኮቱን ለብሶ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ለቅሶ ሄደ። የት እንደሄደ አውቃለሁ። ምን ተሰምቶት እንደሄደ አውቃለሁ። እያወቅኩ፣ ከደብራችን ያመጣሁትን ጸበል፣ ሦስት ሊትር የሚይዘውን ጀሪካን፣ ይዤ ትንሿ ክፍል ገባሁ።

አማተብኩ። ሰዎቹ ላይ በእጄ ረጨሁ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ምናልባት የማምን ሴት ነኝ እል ነበር። አላቆምኩም። ጀሪካኑን ዘቀዘቅኩት። ጸበሉን አፈሰስኩት፣ እስኪያልቅ አፈሰስኩት። የካርቶኑ ጣሪያ ውሃውን ጠጥቶ ጎበጠ። ሙጫው ነጭ ሆኖ ወረደ። ግድግዳው ተኛ። ጉድጓዱ ሞላ። ያ ሁሉ ሲሆን ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። ስምንት ዓመት የደበቅኩት ውሃውን ብቻ አይደለም፣ ይህንንም ነው። ደስ አለኝ።

ደስታው ጀሪካኑን ወጥ ቤት እስካደርስ እንኳ አልቆየም። ተመልሼ አየሁት። ጨርቅ ፈልጌ ልጠርግ ስል የበሩ ቁልፍ ዞረ።

ጌታሁን በኮቱ እንዳለ መጣና ክፍሏ በር ላይ ቆመ። እኔን አላየም። እጁን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ በላቸውን አወጣው። ሰም ውሃ አያበላሸውም፤ ሰዎቹ ምንም አልሆኑም። ከቀብር ይዞት የመጣውን መሐረብ አውጥቶ አደረቀውና ኪሱ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ዞሮ "ምንድን ነው ይሄ?" አለኝ።

እምላችሁ፣ የተዘጋጀ ውሸት አልነበረኝም። ግን በዚያች ቅጽበት ከላያችን የብሩሽ ድምፅ ተሰማ። ከላይ የምትኖረው ዘሃራ ናት። ዓረፋ ሊገባ ነውና ምንጣፏን እያጠበች ነበር። የትንሿ ክፍል ጣሪያ ላይ ደግሞ ቤቱን ስንረከብ የነበረ አሮጌ የውሃ እድፍ አለ።

ጣቴን ወደ ጣሪያው ቀሰርኩ።

አንድ ቃል አልተናገርኩም። ጣቴን ብቻ። ስንት ጊዜ "እኔ እኮ አልዋሸሁም፣ ምንም አላልኩም" ብዬ ራሴን ልሸነግል ሞክሬያለሁ! ጣት አይዋሽም?

ጌታሁን ቀና ብሎ እድፉን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። መካኒክ ነው፤ እርጥብና ደረቅ ለይቶ ያውቃል። ወንበር ጎተተ። ወጥቶ በእጁ ሊዳስሰው ነው። አንድ እግሩን ወንበሩ ላይ ሲያደርግ በር ተንኳኳ።

ዘሃራ ነበረች። አብነት ሰፈር ትንሽ ሱቅ አላት፤ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር፣ ከእኔ ጥቂት የምታንስ ሴት ናት። ወደ ሱቅ ልትሄድ ስለሆነ ቁልፏን ልትተውልኝ ነው የመጣችው፤ ሱቅ ስትውል ቁልፏን እኛ ጋ ነበር የምትተወው። ጌታሁን በሩን ሳይዘጋ ስለገባ እሱን ወንበር ላይ፣ ዴፖውን ውሃ ውስጥ አየች። እኔ ወደ ላይ እያየሁ ነበር። እሷም ወደ ላይ አየች። ሌላ ሰው ቢሆን "እኔ አይደለሁም" ይል ነበር። ዘሃራ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ወይኔ ጉዴ! ምንጣፉን አጥቤ ነበር እኮ። ውሃው በፍሳሹ የሄደ መስሎኝ፣ ወላሂ!"

ጌታሁን እግሩን ከወንበሩ አወረደ። ጣሪያውን ሳይነካው ቀረ። እሷ እግሩ ላይ ወደቀች።

"አፉ በሉኝ፣ ጋሽ ጌታሁን።"

"ተነሺ እንጂ፣ ምን ሆነሻል? ካርቶን ነው። ሰው አልሞተም" አላት። ያን ዕለት ሰው ቀብሮ የመጣው እሱ ነው እንዲህ ያላት። አነሳት።

እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎስ፣ እትዬ አስካለ? አፉ አሉኝ?"

አሁን ነበር ጊዜው። አፌን ከፈትኩ።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አልኳት።

እኔ ይቅር አልኳት። እኔ። ያጠፋሁት እኔ፣ ምንም ያላደረገችውን ሴት ይቅር አልኳት። እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ፣ እንደ ደግ ሰው። ከማፍሰሱም ይልቅ፣ ከጣቱም ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። እሷም አለቀሰችና አመሰገነችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘሃራ ቤቷ ውስጥ ምንጣፍ አጥባ አታውቅም። ጠቅልላ በትከሻዋ ተሸክማ፣ ሦስት ፎቅ ወርዳ ግቢው ቧንቧ ጋ ታጥባለች፤ እርጥቡን ተሸክማ ትወጣለች። በራችን ላይ ስታልፍ ትንፋሿ ይሰማኛል። "ዘሃራ፣ ተይው፣ እዚያው እጠቢ" ብዬ ለምኛታለሁ። "አይሆንም እትዬ፣ የጋሽዬን ልፋት ዳግመኛ አላጠፋም" ትለኛለች። አንድ ቃል ብናገር ምንጣፉ ከትከሻዋ ይወርድ ነበር። አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ክረምት፣ እርጥብ ምንጣፍ ተሸክማ ስትወጣ ደረጃው ላይ አዳለጣት። ዳሌዋ ተሰበረ።

ሦስት ወር ሙሉ አስታመምኳት። አጠብኳት፣ አገላበጥኳት፣ በእጄ አጎረስኳት። የሕንፃው ሰው "ጎረቤት ማለት እንደ አስካለ" አለ። ማኅበሬ ውስጥ ሳይቀር ተመሰገንኩ። እሷ አልጋዋ ላይ ሆና "አላህ ይክፈልዎት" ትለኛለች። እኔም አሜን እላለሁ። ምኑን ነው የሚከፍለኝ? ማስታመሜን ወይስ መስበሬን? አሜን በማለት የትኛውን ለመንኩ? ዛሬም በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ይህን ስጽፍ ምርኩዟ ከላዬ ይሰማኛል።

እግዚአብሔር ግን በእኔ አልጨከነም፤ ይህም ያስጨንቀኛል። ጌታሁን ዴፖውን እንደገና ጀመረ። ዘሃራ ልትክስ ብላ ከሱቋ የድልህ ጣሳና ባዶ የክር ማጠንጠኛ ታመጣለት ጀመር፤ ጣሳው የናፍጣ ጋን፣ ማጠንጠኛው መንኮራኩር ሆነ። ሁለቱ ሲቀላለዱ እኔም ገብቼ መቀመጥ ለመድኩ። አንድ ቀን "እስቲ ይህን ሃዲድ ያዢልኝ" አለኝ። ያዝኩለት። ከዚያ ወዲህ ያወራኛል። እሑድም አብረን እንሄዳለን። የለመንኩት ሁሉ ተሰጠኝ፤ የተሰጠኝ ግን በእሷ ትከሻ ላይ ነው። እንዴት ብዬ ላመስግን? ሳላመሰግንስ እንዴት ልቅር?

አዲሱ ዴፖ ባለፈው ሳምንት አለቀ። ጌታሁን ከላዩ የላስቲክ ጣሪያ ዘርግቶበታል። "የዘሃራ ዝናብ መከላከያ" ይለዋል። እሷም ትስቃለች፤ ስቃ ስትጨርስ ግን ሁልጊዜ መሬት መሬት ታያለች።

ልጃችን ሰላም አስተማሪ ናት። ዴፖውን ትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ልታስቀምጠው ትናንት ልታየው መጣች። ታሪኩን የሚናገር ካርድ ከጎኑ ይሁን ተባለ፤ ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ተብሎ እስክሪብቶው ለእኔ ተሰጠ።

"የመጀመሪያው ከላይ በወረደ ውሃ ተበላሽቶ ዳግመኛ የተሠራ፣ በይ" አለ ጌታሁን። "የዘሃራንም ስም አስገቢ፣ ትታወቅ እንጂ!"

"አባባ፣ ተው እንጂ" አለች ሰላም።

ዘሃራ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀምጣ ነበር። ፈገግ አለች። "ይጻፉት፣ እትዬ አስካለ። እውነት አይደል እንዴ?"

"ከላይ" የሚለውን ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ እጄ አልሄደም። መነጽሬ አስቸገረኝ፣ ነገ እጽፈዋለሁ አልኩና ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ነገ ዛሬ ነው። ጌታሁን ቅዳሴ ሄዷል፤ ዛሬ "ቅደም" ያልኩት እኔ ነኝ። አዲስ ካርድ አውጥቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የመጀመሪያውን ዴፖ ውሃ አፍስሼ ያበላሸሁት እኔ፣ የጌታሁን ባለቤት አስካለ ነኝ። ከላይ የወረደ ውሃ አልነበረም።" ልጆቹ ያንብቡት። ልጄም ታንብበው። ጌታሁን ከቅዳሴ ሲመለስ እነግረዋለሁ፣ ማምሻውን ለንስሐ አባቴ። ከሁሉም በፊት ግን የምወጣው ላይ፣ ዘሃራ ጋ ነው።

መንፈስ ነው ብዬ ፈርቼ ነው አልላትም። ጌታሁን ዝም ብሎኝ ነው አልላትም። ሦስት ወር አስታመምኩሽ ብዬ አላስታውሳትም። አፉ በይኝ ለማለት እንኳ ዛሬ አፌን አልከፍትም፤ ያን ቃል እሷ ናት የምታውቅበት፣ ካላት ትስጠኝ፣ ከሌላት አልፈርድባትም። ካርዱን አነብላትና አንድ ነገር ብቻ እነግራታለሁ፦ ዘሃራ፣ ያኔ ይቅር ብዬሻለሁ ያልኩሽን መልሺልኝ። ምንም አላጠፋሽም ነበር።

ከላዬ ምርኩዟ ወደ በሯ እየቀረበ ነው። ተነሳሁ።