ለሁሉም ጎደለ ያለው ወረቀት

ናፊያ ፈላና በር ገበያ ላይ ቅመም መሸጥ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። እርዱ ሌላ ዱቄት ተቀላቅሎበት ከመጣ በጣቷ አሽታ ታውቀዋለች። ሰው አብዝቶ ያሞገሰውን ዕቃ ቀድማ የምትጠረጥር ሴት ናት።

አምና ፈረስ መጋላ አጠገብ አንድ የግል ላቦራቶሪ ተከፈተና የቫይታሚን ምርመራ በነጻ እንደሚያደርግ አስነገረ። ጎረቤቷ ሰሚራ እየጎተተች ወሰደቻት። ውጤቱ ሲመጣ የናፊያ ወረቀት ቫይታሚን ዲ አንሷል ይላል። የሰሚራም እንደዚያው። ሰልፉ ላይ የጠየቀቻቸው ሴቶች ሁሉ አንድ ነገር ጎድሏቸዋል። ኪኒኑ ደግሞ እዚያው መስኮት ላይ ይሸጣል።

ናፊያ ሳትገዛ ወጣች። ግን ልቧ አላረፈምና ጤና ጣቢያ ሄዳ ኤርሚያስ የሚባለውን ጤና መኮንን ጠየቀችው። ምን እንደምትበላ፣ አጥንቷን ያማት እንደሆነ፣ የምትወስደው መድኃኒት ካለ ጠየቃት። ደህና ትበላለች፤ ሕመምም መድኃኒትም የላትም።

"ደህና የሚበላ ጤነኛ ሰው ዝም ብሎ ቫይታሚን መዋጥ አያስፈልገውም፤ ያለ ምክንያት መመርመርም እንዲሁ። ምክንያት ያለው ሰው ግን ሌላ ነው" አላት።

ባዶ እጇን ስለሸኛት እሱንም ትንሽ ጠረጠረችው። ገበያ ስትመለስ ግን የቫይታሚን ነገር ሁሉ ውሸት ነው እያለች አወራች፤ የንግግሩን መጨረሻ ለማንም አልነገረችም።

ከወራት በኋላ ሰሚራ እግሬን ጉንዳን የወረረው ይመስለኛል አለቻት። ናፊያ ይህም የላቦራቶሪው ወሬ ነው፣ አቦ ተይው አለቻት። ሰሚራም ተወችው። አንድ ቀን ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ሳይታወቃት ቁልቁለቱን ወረደች፤ ተረከዟ መድማቱን ያየችው ናፊያ ናት።

ያኔ ደንግጣ ይዛት ወደ ኤርሚያስ ሄደች። እሱም ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ሰሚራን ጠየቃት። የስኳር በሽታ ኪኒን ነው፤ ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። መድኃኒቱ ብዙ ዓመት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ ትዌልቭን ሊያሳንስ እንደሚችል ነግሯት ያንን ብቻ አስመረመራት። በጣም ወርዶ ተገኘ፤ መርፌ ታዘዘላት።

ሲመለሱ ናፊያ መንገድ ላይ ቆመች።

"ወላሂ እኔ ነኝ ያዘገየሁሽ።"

"እኔስ በአንቺ ወሬ ላቦራቶሪውን ስጠረጥር አንቺን ለምን አልጠረጠርኩም?" አለች ሰሚራ።

የሰሚራ እግር ቀስ በቀስ ተሻለው፤ የግራ ጣቶቿ ግን አሁንም እንደደነዘዙ ናቸው። ናፊያ ዛሬም ቫይታሚን አትገዛም። የቫይታሚን ምርመራ እውነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቃትን ሰው ግን፣ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ ብላ ጠይቃ ወደ ጤና ጣቢያው ትልከዋለች።