ሲስተር ለተብርሃን በጆሮዬ ያለችኝ

ይህ የሆነው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነው። ልጆቼ አድገው የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል። እኔ ግን በራዲዮ የጥሩምባ ዜማ በሰማሁ ቁጥር ያ እሑድ ትዝ ይለኛል።

የልጆቼ አባት በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበር። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ የሚል ዝምተኛ ሰው ነው። በዚያ ዓመት ግን የከተማው ወጣት ሠራተኞች እሑድ ከሰዓት በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ግራማፎን እያስነሱ ቡጊቡጊ የሚባለውን የፈረንጅ ዳንስ መደነስ ጀመሩ። እሱንም ጓደኞቹ ይዘውት ሄዱ። በእኛ አገር ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው ትከሻ ይመታሉ እንጂ እጅ ለእጅ አይያያዙም። በቡጊቡጊ ግን ወንዱ ሴቲቱን በእጁ ይዞ ያሽከረክራታል፤ ይለቃታል፤ መልሶ ይስባታል።

እኔ ትንሹን ልጄን ገና አጠባ ስለነበር ቤት ቀረሁ። ወሬውን የሚያመጡልኝ ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ነበሩ።

“አንቺ ዓለሚቱ፣ ባልሽ እኮ ዛሬ ያችን ነርስ ወርውሮ ቀለባት።”

“ምን ማለትዎ ነው? ሰው ይወረወራል እንዴ?”

“እንደ ጥምቀት ሎሚ ነዋ። ልዩነቱ የወረወራትን መልሶ መያዙ ነው።”

ነርሷ ሲስተር ለተብርሃን ትባላለች። በሥራ ተዛውራ ከአስመራ የመጣች፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ስትራመድ የጫማዋ ተረከዝ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነበረች። እሷ ብዙ ተምራለች፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ልጄን ለማስከተብ ስሄድ እንኳ እሷ የሌለችበትን ቀን አጣርቼ ነበር።

የበለጠ ያቃጠለኝ ግን ባለቤቴ ቤት ውስጥ የሚያደርገው ነው። ከሥራ ሲመጣ የጓዳውን በር እጀታ ይይዛል፤ እያፏጨ በሩን ወደፊት ይገፋዋል፤ ወደ ራሱ ይስበዋል። ለበሩ የሚስቀውን ሳቅ ለእኔ ስቆልኝ አያውቅም። ወገቡ ቅጭት ቢለው እነዚህን ልጆች ማን ያሳድግልኛል እያልኩም እሰጋ ነበር። በመጨረሻ የበሩ ማጠፊያ ላላ።

“በሩን ነቀልከው እኮ” አልኩት።

“ልምምድ ነው” አለኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አዳራሹ ተዘጋና እፎይ አልኩ። ያን ዓመት ፋሲካ እንዳይደርስ የተመኘሁ ክርስቲያን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ጾሙ ግን መፈታቱ አልቀረም። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ባለቤቴ ጫማውን ሲወለውል ሳይ፣ “ዛሬ እኔም እመጣለሁ” አልኩት።

ከመውጣታችን በፊት የልጆቹንና የራሴን ልብስ በነጠላዬ ቋጥሬ አልጋ ሥር ከተትኩ። ዓይኔ እያየ ከእሷ ጋር ከተነሣ፣ በማግስቱ ልጆቼን ይዤ አምበር ወዳለው የእናቴ ቤት ልሄድ ቆርጬ ነበር። ትልቋን ልጄን እትዬ ብርቄ ዘንድ ትቼ፣ ሕፃኑን ታቅፌ ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ ወንበር በየግድግዳው ሥር ተደርድሯል። ከባለቤቴ ጎን ተቀመጥኩ። እዚያ አንድ ደንብ ነበራቸው። የሰው ሚስት ማስደነስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ባልዋ ፊት ይቆማል፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “ይፈቀድልኝ?” ይላል። ባል ራሱን ከነቀነቀ ሚስት ትነሣለች። የሰው ባል የምትወስድ ሴት ግን ማንንም አትጠይቅም። ይህን ሳይ ደሜ ፈላ።

ሸክላው ተቀይሮ ጥሩምባው ሲነፋ ሲስተር ለተብርሃን ከወዲያ ጥግ ተነሥታ ወደ እኛ መጣች። ባለቤቴ ኮቱን አስተካከለ። እኔ ቋጠሮዬን አሰብኩ። እሷ ግን እሱን አልፋ እኔ ፊት ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችና፣

“እመቤቴ፣ ባለቤትዎን ይፈቅዱልኛል?” አለችኝ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

“ፍቀጂላት!” አለ አንዱ ከኋላ።

“እንዳትሞኚ እቴ፣ ሳትመልስልሽ ትቀራለች” አለ ሌላው።

ብከለክል የከተማው መሳቂያ ልሆን ነው። ብፈቅድ ደግሞ፣ በገዛ አፌ አስረክቤ ኋላ ምን ብዬ ልቆጣ? እናቴ ቤትስ ምን ብዬ ልገባ? ሳትጠይቀኝ ብትወስደው ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ ከወንበሩ ብድግ ሊል ምንም አልቀረውም፤ አፍ አፌን ያያል።

“ልጁን ያዝልኝ” ብዬ ሕፃኑን ሰጠሁት። ከዚያ ተነሣሁና፣ “እሱ ልጅ ይዟል፤ እኔን አስደንሺኝ” አልኳት።

ምንም ሳታንገራግር እጄን ያዘችኝ። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ቀሚሴ እግሬ ላይ እየተጠመጠመ ስደናቀፍ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ታወራኝ ጀመር። አሽከረከረችኝ፤ ለቀቀችኝ፤ ልወድቅ ነው ስል መልሳ ሳበችኝ። ሳቅ አመለጠኝ። ባለቤቴ በሩን ለምን እንደነቀለው ያን ጊዜ ገባኝ። ገባኝና የባሰ ቀናሁ።

ዞር ስል እሱ የሚያለቅስ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል፤ እሹሩሩ እያለ ዓይኑን ከእኛ አይነቅልም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ወንበሬ ድረስ መለሰችኝ። “ሕፃኑ ርቦት ነው” አለችውና ሄደች።

“ምን አለችሽ?” አለኝ ባለቤቴ ወዲያው።

“ምንም።”

“ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አንቺም ስቀሻል።”

“የሴት ወሬ ነው።”

መንገዱን ሙሉ ጠየቀኝ። ቤት ገብተን ጫማውን አልጋ ሥር ሊያስቀምጥ ሲል ቋጠሮውን አገኘው።

“ይሄስ ምንድን ነው?”

“የሚታጠብ ልብስ ነው” አልኩት። በማግስቱ ፈትቼ አጠብኩት።

ሲስተር ለተብርሃን በዓመቱ ወደ አገሯ ተዛወረች። ባለቤቴ ግን ስንጣላም ስንታረቅም፣ “ያን ቀን ምን አለችሽ?” ማለቱን አልተወም። ስለ እሱ የሆነ ነገር የነገረችኝ ይመስለዋል። እኔም አልነገርኩትም። ቅናት በቤታችን እኔ ዘንድ ብቻ እንዲያድር አልፈለግኩም።

ዓይኑ ቢደክምም ዛሬም ጋዜጣ ሳያነብ አይውልም፤ ስለዚህ መልሱን ይህ ጽሑፌ በሚወጣበት ጋዜጣ ላይ ያገኘዋል። ያለችኝ ይህን ብቻ ነው፦ “ቀኝ፣ ቀኝ፣ አሁን ግራ። እግርሽን አትዪ፣ እኔን እዪኝ።” ስለ እሱ አንዲት ቃል አላነሣችም።

ይህን ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጬ ፊቱን አየዋለሁ። ቅር ካለው፣ ያቺ ነጠላዬ ዛሬም አላለቀችም።