የፍሪጅ ሠሪው ጀርባ

የሰፈሩ ሰው «በረዶ» ይለዋል። ፍሪጅ ሠሪ ነው፤ እጁ የነካው ፍሪጅ ውሃውን ጥርስ እስኪያደነዝዝ ያቀዘቅዛል። አሮጌ ፍሪጅ አዝሎ ፎቅ ሲወጣ ያየ ሁሉ ጀርባውን ያደንቃል። ያን ጀርባ ያጠነከረው ግን ፍሪጅ አይደለም፤ ልጁ ናት።

ልጅቷ ገና በሕፃንነቷ መገጣጠሚያዋ እየደረቀ፣ ትንፋሿ እያጠረ መጣ። ሐኪሞቹ ብዙ ከለፉ በኋላ ምክንያቱን ደረሱበት፤ ሰውነት ውስጥ ያለውን አንድ የስኳር ዓይነት የሚሰባብር ኢንዛይም ጎድሏታል። ያልተሰበረው ስኳር እየተከማቸ ያደክማታል። በሽታው ከስንት ሰው አንዱን የሚይዝ ነው፤ መድኃኒቱም እንደዚያው ብርቅ። ቤታቸው ፎቅ ላይ ነውና አባት ጠዋት አዝሎ ያወርዳታል፣ ማታ አዝሎ ያወጣታል። ደረጃውን በገዛ እግሯ ስትወጣ ከማየት በቀር ምኞት አልነበረውም።

በመጨረሻ የጎደላት ኢንዛይም በትንንሽ ጠርሙስ መጣላት። ነርሷ ቤት እየመጣች በደም ሥሯ ትሰጣታለች፤ ጠርሙሱ እነሱ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ነርሷ «ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት» ስትል በረዶ ሳቀ። ቅዝቃዜን ለእሱ ማን ያስተምረዋል? ሙያው አላስቀምጥ አለውና የፍሪጁን ቅዝቃዜ እስከ መጨረሻው ጨመረው።

ነርሷ ስትመለስ ጠርሙሱ ድንጋይ ሆኖ ጠበቃት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በረዶ ከሆነ አበቃለት፤ ኢንዛይሙ ይበላሻል። ቀዝቀዝ ይበል ነው ያልኩት።»

«ልኳል ብሎ ዓይን ማጥፋት ይሉሃል ይሄ ነው» አለች ሚስቱ፤ ደግሞ አሳዘናትና ትከሻውን ዳበስ አደረገችው። ሌላ መድኃኒት እስኪመጣ ልጅቷን ማዘሉ ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህ የበረዶ ፍሪጅ ቀዝቀዝ ከማለት አያልፍም። ውስጡ ቴርሞሜትር ተሰቅሏል፤ ከእሱ በቀር የሚነካካውም የለም። ጎረቤት ውሃ በተሰጠው ቁጥር «የበረዶ ቤት ውሃ ትንሽ ቢቀረው ሻይ ነው» ይላል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ስሙ ቢጎድፍ ግድ የለውም፣ መድኃኒቱ ደህና ነው።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንደ ልማዱ ደረጃው ሥር ተንበርክኮ ጀርባውን ሰጣት። ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚወጣበት የለም። ቀና ሲል ልጅቷ መደገፊያውን ይዛ፣ እያረፈች፣ ፎቁን አጋምሳዋለች። ከደስታው ብዛት መነሳቱን ረስቶ፣ እንደተንበረከከ እርምጃዋን ይቆጥር ጀመር።

ከላይ ድምፅዋ መጣ፦ «ደከመህ እንዴ አባዬ? ወርጄ ላዝልህ?»