የጋሽ በዛብህ ማዳመጫ

የጋሽ በዛብህ ጣቶች ወፍራም ናቸው፤ ያን ቀን ግን የሩዝ ፍሬ የምታህል ሬዚስተር የምትባል የኤሌክትሪክ ዕቃ በወረንጦ ይዘው፣ ቀጭን እግሯን በአረንጓዴው ሰሌዳ ቀዳዳ ያሾልኩ ነበር። ከዚያ የጋለውን የብየዳ ካውያ አስጠግተው የእርሳስ ሽቦውን አቅልጠው ጠብ ያደርጉባታል። ጭሱ ሽቅብ ሲል ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

«ሽሮው አረረ?» አለች ባለቤታቸው አስካለች ከአልጋዋ።

«ካውያው ነው።»

«ሽሮውም አርሯል። አፍንጫዬ አልታመመም እኮ።»

እኔና እነሱ አቃቂ በሰቃ ሰፈር አጥር የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን። ጋሽ በዛብህ ጡረታ እስኪወጡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። አስካለች ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ከአልጋ አትወርድም፤ ድምፅም ራሷን ይፈልጣታል። ስለዚህ ሬዲዮኑ ተዘጋ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ይዘውት የት ይሂዱ?

የወንድማቸው ልጅ ብሩህ ያልተገጣጠመ አምፕሊፋየር ከነማዳመጫው በካርቶን ያመጣላቸው ለዚህ ነበር። ሁለት የመስታወት አምፖሎች አሉት፤ የሬዲዮኑን ድምፅ ጆሮ ላይ ለሚደፋ ማዳመጫ ብቻ ይሰጣል። «የተሠራውን መግዛት እችል ነበር ጋሼ» አላቸው፤ «ቤት ውለው እንዳይሰለችዎት ብዬ ነው።»

ተገጣጥሞ ያለቀ ዕለት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አምፖሎቹ ከውስጣቸው ቀላ ብለው በሩ። ጋሽ በዛብህ ማዳመጫውን ደፍተው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ትከሻቸው ዝቅ አለ። አስካለች ከታመመች ወዲህ እንደዚያ አርፈው አይቻቸው አላውቅም።

«ውሃ» አለች አስካለች። አልሰሙም። «በዛብህ» አለች። አልሰሙም። ውሃውን እኔ ሰጠኋት። ዓይናቸውን ገልጠው ሲያዩን ማዳመጫውን እንደ ፍም ወረወሩት።

«እርስዎ ባይኖሩስ ኖሮ?» አሉኝ። ጆሯቸው ላይ ቀይ ክብ ቀርቶ ነበር።

በማግስቱ አንድ ጆሯቸውን ብቻ ሸፍነው ሞከሩ። «ዘፈኑንም አስካሉንም በወጉ አልሰማሁ» አሉ። ቀጥለው ሲባጎ አመጡ፤ አንዱን ጫፍ ከጣታቸው አሰሩ፣ ሌላውን በአስካለች ደህና እጅ ላይ ጠቀለሉ። የሚመኙት አንድ ሰዓት የራሳቸው እንዲሆን ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ለውሃ ሳበችው። ቀጥሎ ለትራሱ፣ ቀጥሎ ለዝንቧ። ከዚያ ደግሞ ሳበችው።

«ምን ይላል?»

«ማን?»

«ዘፋኙ ነዋ።»

«ዝም አስባልሽው፤ ምን ይላል።»

ብሩህ ሲሰማ ሳቀ። «ለእትዬም ማዳመጫ ይግዙላቸው፤ ድምፁን ቀነስ አድርገው አብራችሁ ስሙ» አለ። ጋሽ በዛብህም «ይሻላል» አሉ። ማዳመጫ ባለሱቁ ሀይረዲን ዘንድ አለ፤ አስፋልቱን መሻገር ብቻ ነው። እኔ ላምጣው ብላቸው «ዓይነቱን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉኝ። ከአስካለች ጋር ልቀመጥላቸው መጣሁ። ጫማቸውን አሰሩ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ሲባጎው ተወጠረ። ከጣታቸው አልፈቱትም፤ እሷም አለቀቀችም።

«ልቀቂ እንጂ አስካሉ።»

«ቶሎ ትመጣለህ?»

«እዚሁ እኮ ነው።»

«ዳቦ ልገዛ ያልክ ቀንም እዚሁ ነበር።»

የታመመችበትን ቀን ማለቷ ነው። ከዳቦ ቤት ሲመለሱ ወለሉ ላይ ወድቃ ነበር ያገኟት። ጋሽ በዛብህ ደጁን ተመለከቱ፤ ታክሲዎቹ ሳሪስ፣ ሳሪስ እያሉ ያልፋሉ። ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም።

ሀይረዲን አንዱን ማዳመጫ ለይቶ አስቀምጦላቸዋል። ባየኋቸው ቁጥር «ነገ እሄዳለሁ» ይሉኛል።