በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣው አርክቴክት

ሐጂ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ አርክቴክት ቀጥሬያለሁ ሲሉን ዘበኛው ደስ አለው፤ ፎቅ ሊሠራ ነው ብሎ። የምን ፎቅ! ሰውየው የሚያጠናው እኛን ነበር። ንግዱ ወዴት እንደሚሄድ፣ ኮምፒውተር የትኛውን ሥራ እንደሚይዝ፣ ማን ከማን ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ በሠንጠረዥ ይስላል ተባለ። "ለሙሉ ጊዜ የሚጠይቀውን አልችለውም፤ ሁለት ቀን ይበቃናል" አሉ ሐጂ፣ ቡና ነጋዴው አሠሪያችን።

እኔ ጭሮ ባለው ቢሯቸው የመጋዘን መዝገብ ያዥ ነበርኩ። ጥናት የሚባል ነገር ደሜን ያፈላዋል። ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አጥኚዎች ላፕቶፕ ይዘው መጡ፤ ሻይ ጋበዝናቸው፣ የልባችንን ነገርናቸው፤ ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሜ የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ?

ሰውየው ማክሰኞና ረቡዕ ከድሬዳዋ ይመጣል። ትሁት ነው፤ ትሕትናው ራሱ አስጠረጠረኝ። አጠገቤ ይቀመጥና "ከጠዋት ጀምሮ የሚሠሩትን አንድ በአንድ ይንገሩኝ" ይለኛል። ጫት እንኳ አይቅምም። እኛ አገር ከሰዓት በኋላ የማይቅም እንግዳ ወይ ጴንጤ ነው ወይ ሰላይ። ጴንጤዋ እኔ ነኝ፤ በቸርቻችን ደግሞ አይቼው አላውቅም።

የምደብቀው ነገርም ነበረኝ። ከመቻራ የሚመጣው ቡና ሲራገፍ እርጥበቱ በማሽን ተለክቶ ይመዘገባል። ማሽኑን ግን ከእጄ አምልጦኝ ሰብሬዋለሁ። ያን ቀን እንባዬን ያዩት፣ ጆንያ የሚቆጥሩት የመጋዘኑ ሽማግሌ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አይዞሽ፤ እጄ አለልሽ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የሚለኩት እሳቸው ናቸው። ክንዳቸውን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርናቸው ይከታሉ፣ አንዲት ፍሬ በጥርሳቸው ይነክሳሉ፣ "ወላሂ ይሄ ገና ነው፣ ይሰጣ" ይላሉ። ያለ ወላሂ ዝናብ መጣ እንኳ አይሉም። ቁጥሩን ይነግሩኛል፤ እኔ "በማሽን የተለካ" ከሚለው ሥር ጽፌ እፈርማለሁ። አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ለሐጂ ግን ትንፍሽ አላልንም፤ ዝም አይነቅዝም ብለን።

ሰውየው ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። "ወረቀቱ ላይ የሌለ፣ ግን ሰው በእጁ የሚሠራው ነገር አለ?"

"ምንም የለም። ማሽኑ ይለካል፣ እኔ እጽፋለሁ።"

በሦስተኛው ቀን ማሽኑን ያሳዩኝ እንዳይለኝ ብዬ የመጣበትን ካርቶን መደርደሪያው ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩ። ቀና ብሎ አየውና ጻፈ። አታለልኩት ብዬ ደስ አለኝ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ሥራውን ሲጨርስ ሐጂ ሁላችንንም ሰበሰቡን። ሠንጠረዡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ስሜን ፈለግኩ፤ አለሁ፣ ያውም መሐል ላይ። ከማሽኑ ወደ ኮምፒውተር መስመር ተሰምሯል። የሽማግሌው ቦታ ግን የለም።

"እሳቸውስ?" አሉ ሐጂ።

"በተነገረኝ መሠረት የሚለካው ማሽኑ ነው" አለ ሰውየው። "ጆንያ ለመቁጠር ደግሞ ሌላ ሰው አለ። የቀረ ነገር ካለ ግን አሁን ይነገረኝ፤ ስህተት ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክላለሁ።" ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነው። ለካ ሰላይ አልነበረም። ከአፌ የወጣውን ነበር የሳለው።

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ፊርማዬ ታየኝ፣ ያ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ዝርዝር ታየኝ፤ መዝገቤን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ።

ሐጂ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። "እርስዎ ይንገሩኝ እንግዲህ። የሚለካው ማሽኑ ነው?"

ሽማግሌው እኔን አዩኝ። አቦ፣ ምነው በተቆጡኝ! እንደዚያ እንባዬን እንዳዩበት ቀን ነው ያዩኝ። ከዚያ የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"ማሽኑ ነው" አሉ።

ወላሂ አላሉም።