ሠርክአዲስና የጠፋው ስንኝ

«ዳር ቆሜ ጠራሁህ ማዶ ነህ መሰለኝ፣
እምም… እምም… እም…»

ሠርክአዲስ ከዚህ አታልፍም። ሁለተኛው ስንኝ ጋ ስትደርስ ቃሉ ይከዳታል፤ ዜማው ብቻ በአፍንጫዋ በኩል እየተሳበ ይቀጥላል። እናቷ ውጫሌ ደጃፋቸው ላይ ጥጥ እያባዘተች በአምባሰል ቅኝት ስታንጎራጉረው ስንኙ ሙሉ ነበር። እናቷ ስታልፍ ግማሹን ይዛው ሄደች፤ ግማሹ ልጇ አፍ ላይ ቀረ።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ሠርክአዲስ ደብተር የታጨቀበት ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ የሚወስደውን ኮረኮንች እያዘገመች ትወርዳለች። ሐይቅ ከተማ ባጃጁ፣ የጁምዓው ሰው፣ ከደሴ የሚመጣው ሚኒባስ ተደበላልቆ ይጮኻል። እሷ ግን ስታንጎራጉር አትሰማም።

አማርኛ ታስተምራለች፤ የሰባተኛ «ለ» ክፍል ኃላፊም ናት። ቀጠን ያለች፣ ነጠላዋን ሁልጊዜ አንገቷ ላይ ጠምጥማ የምትይዝ፣ ባል ያልቀናት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። «ልጅማ ክፍል ሙሉ አለኝ» ትላለች ሲጠይቋት። ደግሞ ፈሪ ናት፤ ይኼንንም አትደብቅም። የጦርነቱ ጊዜ አልፎ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት፣ ባለቤት ያጡ ዴስኮች አይታለች። ከዚያ ወዲህ አንድ ልጅ ካረፈደ ጠመኔው እጇ ላይ ይደርቃል። በር በኃይል ከተዘጋ ትበረግጋለች። ልጆቹ ያውቁባታል፤ ስለዚህ በር የሚዘጉት እያባበሉ ነው።

በዚህ ሳምንት ታዲያ ሰባተኛ «ለ» ያልተማረው ነገር የለም። የሳይንሱ መምህር ሰዑድ ባልዲ ሙሉ ውኃ ተሸክሞ ክፍል ገባና እንቁላሉ በንጹሕ ውኃ ሲሰምጥ፣ በጨው ውኃ ሲንሳፈፍ አሳያቸው። እፍግታ ይባላል አላቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ የወፈረ ሁሉ «እፍግታ» ሲባል ሰነበተ። በሒሳብ ንጥጥር ያዙ። በኅብረተሰብ ሳይንስ ካርታ ሣሉ፤ አንዲት ጣት የማትሞላ መስመር ስንት መንገድ እንደምትሸከም ተማሩ። የጥበባት መምህሩ አራቱን ቅኝቶች በክራር አሰማቸው፤ አምባሰል ጋ ሲደርስ ልጆቹ «ይኸማ የኛው ነው» ብለው ተንጠራሩ።

ሠርክአዲስ ደግሞ ቃል ግጥም አስተማረች። ያቺን ግማሽ ስንኝ ሰሌዳው ላይ ጻፈችና «ሁለተኛውን ከየቤታችሁ ፈልጉልኝ፤ ካጣችሁ ራሳችሁ ግጠሙ» አለች።

ካሊድ፣ ያ ቀልደኛው፣ እጁን ሳያወጣ ብድግ አለ።

«ቲቸር፣ እኔ አግኝቻለሁ። ‹አምባዛ ውጦህ ነው ድምፅህ የጠፋብኝ።›»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አምባዛ የሐይቁ ጢማም ዓሣ ነው፤ ሠርክአዲስም አብራ ሳቀች።

ሰሚሃ ግን ሳትስቅ፣ «እማዬ ታውቀዋለች መሰለኝ። ዓርብ አመጣልዎታለሁ» አለች።

ሰሚሃ የሀፊዛ ልጅ ናት። ሀፊዛ ደግሞ ሠርክአዲስ የተከራየችበት ግቢ ባለቤት፣ ገበያ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ የምትሸጥ፣ አፏ የሚናደፍ ሆዷ የሚራራ ሴት ናት። እንግዲህ ያቺ ልጅ ትምህርት ቤት ተማሪዋ፣ ቤት ስትገባ ደግሞ ጋቢዋ ሥር ተኮራምታ መጽሐፍ የምታነብላት ናት።

ሳምንቱ ሲያልቅ ልጆቹ በቡድን ሆነው የተማሩትን የሚያሳይ አንድ ሥራ ይሠራሉ። ሰሚሃ፣ ካሊድና በዕውቀቱ የሐይቁን ጥልቀት ለክተን ካርታ እንሥራ አሉ። ገመድ ላይ በእኩል ርቀት ቋጠሮ አስረው፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አንጠልጥለው አሳዩዋት። ሠርክአዲስ ፈራ ተባ አለች። ልጆቹ ዓይን ዓይኗን ሲያዩዋት ግን፣ «እሺ፤ ዓርብ ከክፍል ስትወጡ፣ ከዳር ሆናችሁ ብቻ» አለች። ከዳር። ይኼን ቃል ኋላ ስንት ጊዜ አመላለሰችው።

ግቢው ስትደርስ ሀፊዛ ምጣድ አውርዳ ሽሮ ጥዳለች። ዓርብ ጾም ነው፤ ሠርክአዲስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማትቀምስ ታውቃለች፣ ስለዚህ ሰዓቱን ጠብቃ ነው የምታቀርብላት።

«ነይ አረፍ በይ፣ ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል» አለቻት። «ልጄንስ የት ጣልሻት?»

ሠርክአዲስ በርጩማው ላይ ልትቀመጥ ጎንበስ ባለችበት ቀረች።

«አልመጣችም እንዴ?»

«ካንቺ ጋር ናት ብዬ።»

ያን ጊዜ የግቢው ባሕር ዛፍ ዘመም፣ ቀና አለ። የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቷል። ሐይቅ ላይ ያደገ ሁሉ ያንን ነፋስ ያውቀዋል፤ ጠዋት መስታወት የነበረውን ውኃ ከሰዓት ፈረስ ያደርገዋል።

«መጣሁ፣ እትዬ» አለች ሠርክአዲስ።

«እህል ቅመሺ እንጂ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ልጥራት፤ መጣሁ።»

ለምን እውነቱን አልነገረቻትም? አፏ እሺ አላላትም። ስትናገረው እውነት የሚሆን መሰላት።

ሐይቁ ዳርቻ ስትደርስ ሦስት ቦርሳ ተደርድሯል። አጠገባቸው የሰሚሃ ጫማ፣ ጥንድ ሆኖ፣ አፍንጫው ወደ ውኃው ዞሮ ተቀምጧል። ሠርክአዲስ ጫማውን አንሥታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ዓሣ አጥማጁ ባድሩ ባዶ የታንኳ ችካል ይዞ ዙሪያውን ያያል።

«ታንኳዬን ማን ፈታት?» አለ፤ ከዚያ ፊቷን፣ ከዚያም የታቀፈችውን ጫማ አየ። «ያ አላህ። ልጆች ናቸው?»

«ሦስት ናቸው፣ ጋሼ። አንዷ ሴት።»

ባድሩ ነፋሱን በጉንጩ መዘነው። «ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ነው የሚገፋው። የደንገል ታንኳ አትሰምጥም፣ አትፍሪ። መቅዘፊያ ካጣች ግን ጌታዋ ነፋሱ ነው። ያ ባልንጀራዬ እየተመለሰ ነው፣ በሱ ታንኳ በውኃው እሄዳለሁ። አንቺ በየብስ ሂጂ።»

«አትሰምጥም» የሚለውን ይዛ ሮጠች። በባጃጅ እስከ መታጠፊያው፣ ከዚያ በእግሯ። አትሰምጥም። የሳይንሱ መምህርም ይኼንኑ ነበር ያስተማረው፤ ቀላል ነገር ይንሳፈፋል። ሕፃንስ? ሕፃን ይንሳፈፋል? ጭንቅላቷ ውስጥ ደግሞ አንድ ዜማ ሳትፈልገው ይዞራል፤ ‹አምባዛ ውጦህ ነው…›። ያ ሁሉ ልጅ የሳቀበት፣ እሷም የሳቀችበት። ስትሮጥ እግሯ በዚያ ዜማ እየረገጠ መሆኑን ባወቀች ጊዜ ቆመችና አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ ሮጠች።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በር ላይ ሴት ሁሉ ትቆማለች፤ ወደ ውስጥ አትገባም። ሕጉ የአባቶች ነው፣ ጥንታዊ ነው፤ ሠርክአዲስ ስንት ጊዜ ከዚያው በር ተሳልማ ተመልሳለች። ዛሬም እግሯ ራሱ አውቆ እዚያው ቆመ።

ከበሩ ወዲያ ዛፍ ሥር ካሊድና በዕውቀቱ የመነኮሳት ጋቢ ተደርቦላቸው ተቀምጠዋል። ካሊድ ቆሎ ጨብጧል፣ ግን አይበላም።

«ሰሚሃስ?» አለች።

ሁለቱም አቀረቀሩ። አባ ገብረ ኢየሱስ የሚባሉ አዛውንት መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ በሩ ቀረቡ።

«ንገራት፣ ልጄ» አሉት በዕውቀቱን።

«ቲቸር፣ ከዳር ሆነን ነበር» አለ ልጁ። «ገመዱ ግን መሬት አልነካ አለ። ትንሽ ብቻ ገባ እንበል ብለን… ነፋሱ መጣና መቅዘፊያው አመለጠን። ገፍቶ ገፍቶ እዚህ ድንጋዩ ላይ አደረሰን። እኔና ካሊድ ዘለን ወረድን። ሰሚሃ ግን አልወርድም አለች።»

«ለምን?»

«ሴት አትገባም፣ ነውር ነው፣ የሰው ገዳም አላረክስም አለች። ደንገሉን ይዤ እጠብቃችኋለሁ፣ ሂዱና ሰው ጥሩ አለች። ስንመለስ የለችም።»

ካሊድ ቆሎውን መሬት ላይ በተነው። «እኔ ጎትቼያት ነበር። ወላሂ ጎትቼያታለሁ። ‹አንተ እስላም አይደለህ፣ አክብር› አለችኝ።»

አባ ገብረ ኢየሱስ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሕጉ ለነፍስ ነው። ነፍስ በምትጨነቅበት ሰዓት የሚከለክላት አልነበረም። ይኼን ለማን እንነግራለን እንግዲህ፤ ልጅቷ አከበረችን» አሉ። ከዚያ በመቋሚያቸው ወደ ግራ አመለከቱ። «አባቶች በዚህኛው ዳር ወርደው እየፈለጉ ነው። አንቺ በውጭ በኩል፣ በዚያች ቀጭን መንገድ ሂጂ። ነፋሱ የወሰደውን ሁሉ የሚጥለው እዚያ ደንገል ውስጥ ነው።»

የወሰደውን ሁሉ። ቃሉ ልቧን ወጋው።

ደንገሉ፣ ያ ታንኳ የሚሠራበት የውኃ ዳር ሸምበቆ፣ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ቆሞ ይፏጫል፣ አያሳይም። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። ሠርክአዲስ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብታ ጮኸች።

«ሰሚሃ!»

ነፋሱ ጩኸቷን ከአፏ ላይ ቆርጦ ጣለው። ደግማ ጠራች፤ ደግሞ ቆረጠው። ጭቃው ከእግሯ ሥር ይሸሻል፣ ዋና አታውቅም። አንድ እርምጃ ብትጨምር ምን እንደሚጠብቃት አታውቅም። ገመዱ መሬት አልነካም ብሏል ልጁ። ሀፊዛን ምን እላታለሁ? ሽሮው ሳይበርድ መጣሁ ብያት፣ ምን ይዤ እገባለሁ? ይኼን ጫማ?

የአምባሰል ሰው ከገደል ገደል ሲጣራ አይጮኽም፤ ድምፁን እንደ ክር ይስበዋል። የተሳበ ድምፅ ነፋስ አይቆርጠውም፣ ይሸከመዋል እንጂ። እናቷ ከብት ይዘው የራቁትን ወንድሞቿን እንዲያ ነበር የምትጠራቸው። ሠርክአዲስ ዓይኗን ጨፈነች። ከአፏ የወጣው የምታውቀው ያ ግማሽ ስንኝ ነበር።

«ዳር ቆሜ ጠራሁህ… ማዶ ነህ መሰለኝ…»

ከዚያ ቃሉ አለቀባት። ደንገሉ ፏጨ። ደግማ ሳበችው። ሦስተኛ ሳበችው፤ ድምፅዋ ከፍርሃቱ ብዛት የሷ አልነበረም፣ የእናቷ ነበር። አራተኛው ላይ ተሰነጠቀ።

ያኔ ከደንገሉ ውስጥ፣ ቀጭን፣ በብርድ የሚንገጫገጭ፣ ቅኝቱን ግን ያልሳተ ድምፅ መጣ፤

«ድምፄን ውኃው ወስዶ… ያንተን መለሰልኝ…»

ሠርክአዲስ ጫማው ከእጇ ወደቀባት።

«ሰሚሃ! ዝፈኝ፣ እናቴ! እንዳታቋርጪ!»

ልጅቷ ዘፈነች። መምህሯ ትሰጣለች፣ ልጅቷ ትቀበላለች፤ በሠርግ ቤት እንደሚደረገው። ያንን ድምፅ ተከትሎ የባድሩ ረጅም ዘንግ ደንገሉን ከወዲያ በኩል ሰነጠቀው። «በቃ፣ አየኋት» ብሎ ሲጣራ ነው ሠርክአዲስ እዚያው ውኃው ውስጥ የተንበረከከችው።

ሰሚሃ ስትመጣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ባለቋጠሮውን ገመድ በሁለት እጇ ጨብጣ አልለቅም ብላለች።

«ቲቸር» አለች፣ «ስንኙን አመጣሁልዎት።»

ሠርክአዲስ ነጠላዋን ከአንገቷ ፈትታ ጠመጠመችባት።

ቤት ሲደርሱ ወሬው በባጃጅ ቀድሟቸዋል። ሀፊዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጇን ጎትታ አቀፈቻት፣ ገፋቻት፣ ደግማ አቀፈቻት። «አልሀምዱሊላህ» ትላለች፣ ከዚያ «ቆይ አንቺ፣ ብቻ ልብስሽ ይድረቅ» ትላለች፣ ከዚያ ደግሞ «አልሀምዱሊላህ»።

ሠርክአዲስ ከደጃፉ አላለፈችም። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ነው። እዚያ ገዳም በር ላይ እንደቆመችው፣ እዚህም ቆመች።

«እትዬ፣ ‹ሂዱ› ያልኳቸው እኔ ነኝ። ስወጣም ዋሽቼሻለሁ።»

ሀፊዛ የልጇን ፀጉር በፎጣ እያሸች ቀና አለች። ዓይን ዓይኗን አየቻት። ሠርክአዲስ ያን ቀን ከፈራችው ሁሉ ይኼን ዓይን ፈራች።

«ሽሮው ሁለት ጊዜ ሞቀ» አለች ሀፊዛ። «ሦስተኛ አላሞቅም።»

«እትዬ…»

«ግቢ ብያለሁ። ያ ዘፈን የኔም እናት ዘፈን ነው፤ ልጄን ያስተማርኳት እኔ፣ የጠራሻት አንቺ። ምን ያስቆምሻል? በር ላይ የሚቆም እንግዳ ነው።»

ሰሚሃ ከፎጣው ሥር ሳቀች። በርጩማውን በእግሯ ወደ ሠርክአዲስ ገፋችው።

ሠርክአዲስ ገባች። እጇን ታጠበች፤ ውኃው ሲነካት ዘገነናት። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እንጀራውን ሳትቆርስ፣ ሀፊዛ ጠቅልላ አጎረሰቻት።